እናቴ የዋጠችው አንድ ጉንጭ

ይህ ነገር መጻፍ ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው አልሞተበትም፣ ሱቅ አልተዘረፈበትም፣ ማንም ታስሮ ወደ አገሩ አልተመለሰበትም። እኛ ዘንድ ከእነዚህ ሦስቱ አንዱ ከሌለበት ሰው ታሪክ ሰማሁ አይልም። የእኔው አንድ ጉንጭ ቢራ ነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አሁን የምጽፈው ሌሎች ሲያወሩት ስለሰማሁ ነው። እናቴ ሰክራ እንደተገኘች፣ እንዲያውም በሱቋ ቢራ ስትሸጥ እንደተያዘች የሚያወሩ አሉ። ሁለቱም ውሸት ነው። እውነቱ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ለእኔ ግን ከዚያ የከፋ ነው።

ከሆሳዕና ወደ ደቡብ አፍሪካ የመጣሁት በስምንት ዓመቴ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ኦሬንጅ ፋርም ያለውን፣ እዚህ ስፓዛ የሚሉትን የሰፈር ሱቃችንን ብቻዋን ትሠራለች፤ ከፊት ሱቁ፣ ከኋላ መኝታችን። በሳምንት ስድስት ቀን ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆማ ዳቦ፣ ፓራፊንና የስልክ ካርድ ትሸጣለች። ደንበኞች ደስ ሲላቸው «ማማ» ይሏታል፤ ሲናደዱ የሚሏትን አልጽፈውም። እሑድ ግን ሱቁን ዘግተን፣ ሁለት ታክሲ ቀይረን ጀርሚስተን እንሄዳለን። ቤተ ክርስቲያናችን እዚያ አዳራሽ ተከራይቷል። እዚያ እናቴ ሌላ ሰው ናት፤ ወይም ነበረች። የጌታን እራት የምታዘጋጀው እሷ ነበረች።

በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ጽዋ እንወስዳለን። እኛ የሚያሰክር ነገር ስለማንጠጣ በጽዋው ያለው የዘቢብ ጭማቂ ነው። እናቴ ቅዳሜ ከሰዓት ዘቢቡን ሦስት ጊዜ ታጥባለች፣ ታፈላዋለች፣ ቀዝቀዝ ሲል በነጭ ጨርቅ ታጠልለዋለች። እኔን እንኳ አታስነካኝም። ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ አደረገች። ሽማግሌዎቹ ቆመው ጽዋውን ሲባርኩ አንገቷን ደፍታ ትቀመጥና በዐይኗ ጫፍ የሰዉን ፊት ትሰልላለች። በሳምንቱ ውስጥ የደረሰባት ስድብ ሁሉ በዚያች ደቂቃ የሚታጠብላት ይመስለኝ ነበር። ለእናቴ ከዚያ ጽዋ በቀር የራሷ የምትለው ክብር አልነበራትም።

እኔ የምግብ ሳይንስ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በዚህ ዓመት ከወሰድኳቸው ትምህርቶች አንዱ ስለ እርሾና ስለ መጥመቅ ነበር። መምህራችን ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ ተማሪ ሲሳሳት ፊታቸው ይበራል። የመጀመሪያው የቅምሻ ቀን ለሁላችንም በትንንሽ ብርጭቆ ቢራ አስቀዱልን። እኔ በጥንቃቄ አፌ ውስጥ አዙሬ በወረቀት ኩባያ ተፋሁት። በሕይወቴ ቢራ አፌ ገብቶ አያውቅም፤ ከተፋሁት አልጠጣሁም ብዬ አስቤ ነበር። መምህሯ ከፊቴ መጥተው ኩባያውን አነሱና ለክፍሉ አሳዩ።

«ይህች ልጅ ወይን የምትቀምስ መስሏታል» አሉ። «የቢራ ምሬት የሚታወቀው ጉሮሮ ላይ ነው። ያልዋጠ አልቀመሰም።»

እጄን አወጣሁ። «ሃይማኖቴ የማይፈቅድልኝ ከሆነስ?»

«ስለ ሃይማኖትሽ ሃይማኖትሽን ጠይቂ። እኔን ስለ ምላስሽ ጠይቂኝ።»

ክፍሉ ሳቀ። ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅም ሳቀች። እሷ የቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ልጅ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋን ግማሽ በእንግሊዝኛ የምትናገር። እሷም ተፍታ ነበር፤ ግን ኩባያዋን ከጠረጴዛ በታች ይዛ ስለነበር ማንም አላየባትም። እኔ ብርጭቆውን እንደገና አነሳሁና ዋጥኩት። መምህሯ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። በዚያ ንቅነቃ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ሳስበው ያሳፍረኛል።

በኤፕሪል ለእያንዳንዳችን አንድ ጠርሙስ ተሰጠን። በቤልጅየም ገበሬዎች ስልት የተጠመቀ ጥቁር ቢራ ነበር። ድሮ ገበሬዎቹ በብርዱ ወራት እቤታቸው ጠምቀው ያስቀምጡትና በመከር ጊዜ ለአጫጆች ያጠጡት ነበር ተብሎ ተነግሮናል። የቤት ሥራው ተማሪ ካልሆነ ሌላ ሰው ጋር ቀምሰን ቅጽ መሙላት ነው። ቅጹ ላይ ለመልኩ፣ ለሽታው፣ ለጣዕሙ ቦታ አለው። የሁለተኛው ቀማሽ ዝምድና፣ ዕድሜና ልምድም ይጠየቃል። ከታች ትንሽ ሣጥን አለች፦ ዋጠ ወይስ ተፋ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ጎረቤታችንን ነው፤ ዓርብ ማታ ቢራ የማይቀርባት ሴት ናት። «ለመጠጣት ከሆነ አሁኑኑ እመጣለሁ» አለችኝ። «ስለ እሱ ለማውራት ከሆነ ግን ልብስ ማጠብ አለብኝ።» እኔም ትመጣለች ብዬ ጠርሙሱን ከፍቼ ነበር። አረፋው ገንፍሎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እየተነፈሰ መሆኑን ሳይ ማልቀስ ቃጣኝ። እናቴ ከሱቁ በኩል አንገቷን አስግጋ አየችኝ።

«ማርክ አለው?»

«ከአጠቃላዩ ውጤት ሃያ ከመቶ።»

ከውጭ ሁለት ደንበኞች ቆመዋል። «አሥር ደቂቃ» ብላ ፍርግርጉን ዘጋችባቸው፤ አንዱ ሲሳደብ ይሰማኛል። መጥታ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ከሩቅ ጥቁር የሚመስለው ጠርዙ ላይ እንደ ጎመራ እንጆሪ ቀላ። አፍንጫዋን አስጠጋች፣ መለሰች፣ እንደገና አስጠጋች። እኔ አስቀድሜ «ቁንዶ በርበሬ፣ የተጠበሰ ዳቦ ቅርፊት፣ ዘቢብ» ብዬ ጽፌ ነበር።

«ይሄ አሻሮ ነው» አለች።

«አሻሮ ምንድን ነው?»

«የታመሰ ገብስ። ጠላ የሚያጠቁረው እሱ ነው።» በምላሷ ጫፍ ነካች። «ችኩል ሰው ነው የቆላው። እሳቱ በዝቶበት ላዩ ከስሏል፣ ውስጡ ጥሬ ነው። እርሾው ግን ጎበዝ ነው። ቁንዶ በርበሬ ብለሽ የጻፍሽው ማንም አልጨመረበትም፤ እርሾው በሙቀት ሲሠራ ያመጣው ነው። ጣፋጩን ሁሉ በልቶ ጨርሶታል፤ ለዚህ ነው አፍ የሚያደርቀው።»

እኔ የሁለት ወር ትምህርቴ በአንድ ጠብታ ሲነገር እየሰማሁ እጽፋለሁ። «ማሚ፣ ይሄን ሁሉ ከየት አወቅሽው?»

«አባትሽን ሳላገባ፣ ጌታንም ሳላገኝ፣ ጠላ ጠማቂ ነበርኩ። ከእሱ ሌላ ማን ያኖረኝ መሰለሽ? እዚህ ግን ማንም አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም።»

ከዚያ አንድ ጉንጭ ሞልታ ያዘችና ወደ ማጠቢያው ዞረች። ልትተፋው ነበር።

«አይሆንም! መዋጥ አለብሽ» አልኳት። «የቢራ ምሬት የሚታወቀው ጉሮሮ ላይ ነው። ያልዋጠ አልቀመሰም።» ቃሉም ድምፁም የመምህሬ ነበር።

እናቴ ዞራ አየችኝ። ከዚያ ዋጠችው። «መጨረሻ ላይ ይመራል፤ የከሰለ ነው» አለች። አፏን በውሃ ተጉመጠመጠችና ወደ ደንበኞቿ ሄደች። እኔ ከሣጥኗ አጠገብ ምልክት አደረግኩ፦ ዋጠች። ልምድ በሚለው ፊት ለፊት ደግሞ «ቀድሞ ጠላ ትጠምቅ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። አትናገሪ ያለችኝን ረስቼ አይደለም። ቅጽ ላይ ባዶ ቦታ መተው አልችልም፤ ወረቀቱንም ከመምህሬ በቀር ማንም አያየውም ብዬ ነበር።

ከክፍሉ ከፍተኛውን ማርክ አገኘሁ። መምህሯ ወረቀቴን ለሁሉም አነበቡት። «የተቆላው ገብስ ችኩል እጅ ነክቶታል። ይህን ያለችው የሰፈር ባለሱቅ ናት» አሉ። «እናንተ ግን ‹ደስ ይላል› ብላችሁ ጽፋችኋል።» ከጎኔ ያለችው የሰብሳቢው ልጅ ሁለተኛ ቀማሿ የጎረቤታቸው አዛውንት ነበሩ፤ ለራሷም ለእሳቸውም «ተፋ» ብላ ጽፋ አርባ ከመቶ አገኘች።

«ዋው፣ አንቲ ጀግና ናት» አለችኝ፤ እናቴን ማለቷ ነው። «ላየው? ፎቶ ላንሳው፣ ለሚቀጥለው እንዲጠቅመኝ።»

ሰጠኋት። እንዲያውም በደንብ እንዲነሳላት ወረቀቱን በሁለት እጄ ዘርግቼ ያዝኩላት።

በሜይ የመጀመሪያው እሑድ፣ ገና አምልኮ ሳይጀመር፣ እናቴ የጭማቂውን ጀሪካን ይዛ ስትገባ አንድ ዲያቆን ከእጇ ተቀብሎ ከበሩ ጀርባ አስቀመጠው። ወደ ኋላ ክፍል ጠሯት፤ እኔንም አብረው። አራት ሽማግሌዎች በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው፣ ከተማው መሃል ብርድ ልብስ የሚያከፋፍሉት ሰው፣ ፎቶውን በትልቁ አሳትመውታል። የራሴን የእጅ ጽሑፍ በዚያ መጠን አይቼው አላውቅም። እያንዳንዱ ፊደል ጥርት ያለ ነበር።

«ሁለተኛ ቀማሽ፦ እናት። ዕድሜ፦ አርባ አራት» ብለው ወደ አማርኛ እየመለሱ አነበቡ። «እህቴ፣ ዕድሜሽን እንኳ አልደበቀችልሽም።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳቁ።

«ልምድ፦ ጠላ ጠማቂ። እኛ ስምንት ዓመት ሙሉ የጌታን ጽዋ ለጠላ ቤት አስረክበን ኖሯል እኮ! ‹እርሾው ጎበዝ ነው› ትላለች ደግሞ። ስለ እርሾ ስትናገሪ እንዲህ ካማረብሽ፣ ስለ ወንጌል ምነው ዝም አልሽ?»

«ጠላውን ስጠመቅ ትቼዋለሁ» አለች እናቴ።

«ቢራውንስ? ዋጥሽው ወይስ ተፋሽው?»

እናቴ ወረቀቱን አየች። «እሷ ከጻፈችው ተጽፏል።»

«የምንጠይቀው አንቺን ነው።»

«ዋጥኩት።»

ወደ እኔ ዞሩ። በዚያች ሰዓት ማለት የምችለው ብዙ ነበር። ምልክቱን በስህተት ነው ያደረግኩት ማለት እችል ነበር። ዝም ማለትም ይቻላል። እኔ ግን ክፍል ውስጥ እንደምጠየቅ ተነሥቼ ቆምኩ። «አዎ ጋሼ፣ ውጣለች። መዋጥ የቅምሻው ደንብ ስለሆነ እኔ ነኝ እንድትውጥ ያዘዝኳት። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ያዳንኳት መስሎኝ ነበር።

ሰብሳቢው ወረቀቱን አጠፉት። ከዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ልጇ የምታዝዛት እናት» አሉ፣ «ጽዋ እንዴት ይሰጣታል?»

የሦስት ወር ቅጣት ተወሰነባት። እኔ ገና ስላልተጠመቅኩ በሥርዓቱ ልቀጣ አልችልም ተባለ። የሚቀጣ ሰው በመጨረሻው ረድፍ ይቀመጣል፣ ማንም ስሞ ሰላም አይለውም፣ ጽዋ አይወስድም። ዕለቱኑ ጀመረ። የሰብሳቢው ባለቤት ከሱፐርማርኬት በካርቶን የታሸገ የወይን ጁስ አስመጥታ ቀዳች። ዲያቆኑ ትንንሾቹን ጽዋዎች በሳህን ይዞ መጨረሻው ረድፍ ሲደርስ፣ ሳህኑን ከፍ አድርጎ በእናቴ ራስ ላይ አሻገረው። በቀኝ ላለችው ሴት ሰጠ፣ በግራ ላለችው ሴት ሰጠ። እናቴ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፊት ለፊቷን ታያለች።

ቤት ውስጥ ደግሞ የእኔ ቅጣት ነበር። እናቴ አልጮኸችብኝም። እራት ስንበላ አንድ ጊዜ ትጎርስና፣ «ጻፊ» ትለኛለች። «ድንች በላች። ዋጠች። ለምን አትጽፊም? እስክሪብቶ ጠፋሽ?» ውሃ ስትጠጣ፣ «ውሃ። ዋጠች።» ደንበኛ ዕድሜዋን ቢጠይቃት በፍርግርጉ በኩል እኔን ታሳያለች፦ «እሷን ጠይቋት፣ መዝግባዋለች።» ሜይ አለቀ፣ ጁን አለቀ፣ አልሰለቻትም። እኔ ይቅርታ በጠየቅኳት ቁጥር፣ «አንቺ ምን አጠፋሽ? ሥራሽን ነው የሠራሽው» ትለኛለች፤ ከስድብ ሁሉ ያ ይብስብኝ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን ግን ትቁነጠነጣለች፤ ድስቱን ታነሳለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። ጽዋው ይመለስልኛል የሚል ተስፋ እንዳላት ያወቅኩት ከዚያ ነው። ዘቢቡ በገባ ቁጥር ጥሩውን ለይታ ለብቻ በቆርቆሮ ታስቀምጥ ነበር።

በጁላይ አንድ እሑድ ሰብሳቢው ባኪ ከሚሉት ፒክአፕ መኪናቸው አጠገብ ጠሩኝ።

«እናትሽን ትወጃታለሽ?»

«እወዳታለሁ ጋሼ።»

«እንግዲያው ያን የመጠጥ ትምህርት ተዪው። ጽዋውን በተመለከተ እኛም እናስብበታለን።»

«ልጅዎም እኮ ትማረዋለች» አልኩ። ለመከራከር አልነበረም፤ የምር ግራ ገብቶኝ ነው።

«እሷ ትተፋለች» አሉ።

በማግስቱ ትምህርቱን ለመተው ቅጽ ሞላሁ። እናቴን አልጠየቅኳትም፤ በድንገት ላስደስታት ፈልጌ ነበር። መምህሬ ሲፈርሙ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «ምላስ ሰጥቶሻል» አሉኝ፤ «ወኔ ግን ነሥቶሻል።» የተፈረመውን ወረቀት ለሰብሳቢው ወስጄ ሰጠኋቸው። አንብበው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

የኦገስት የመጀመሪያው እሑድ ቅጣቷ የሚያበቃበት ቀን ነበር። ዋዜማውን እናቴ ከቆርቆሮው ዘቢቡን አውጥታ አጠበች፣ አፈላች፣ አጠለለች። ማንም አዘጋጂ አላላትም። «ከመለሱልኝ ባዶ እጄን አልቆምም» አለች። አምስት ሊትር ጀሪካኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ሁለቱን ታክሲ ተሳፈረች። አንዱ ተሳፋሪ ለእሱ ቦታ እንድትለቅ ወለሉ ላይ አድርጊው ቢላት እምቢ አለች።

በጉባኤው ፊት ቆመች። ሰብሳቢው ቅጣቷ መነሣቱን ተናገሩ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ተራ በተራ ሳሟት። ከዚያ ጀሪካኑን ከእግሯ ሥር አዩት።

«ጽዋውን በተመለከተ» አሉ፣ «ባለቤቴ ይዛዋለች፤ መልክ ይዟል። ሸክሙን አንመልስብሽም።»

«ትምህርቱን ከተውሽ ብለውኝ… ትቼዋለሁ እኮ…» ብዬ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። ድምፄ አዳራሹ ውስጥ ብቻውን ቀረ።

«ትታለች፤ እግዚአብሔር ይባርካት» አሉ ሰብሳቢው። «ለራሷ ነፍስ ነው የተወችው።»

እናቴ ዞራ አየችኝ። ያን ጊዜ ነው የሰማችው።

«ይሄስ?» አለች ወደ ጀሪካኑ እያመለከተች።

«ቤትሽ ውሰጂው። ብቻ እንዳታሳድሪው፤ ነገ ጠላ ሆኖ ይጠብቅሻል።»

አዳራሹ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ሰው የተለመደ ቀልድ ሲሰማ እንደሚስቀው ነበር። የሳሟት ሴቶችም ሳቁ።

እናቴ ጀሪካኑን አንስታ በጓሮ በር ወጣች። ተከተልኳት። ክዳኑን ከፍታ ቦይ ውስጥ አዘነበለችው። አምስት ሊትር ለመፍሰስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ አላውቅም ነበር። እሷ አታለቅስም።

«ማን ጠየቀሽ?» አለችኝ፣ ፈሳሹን እያየች። «እኔ ጽዋዬን ባጣ አንቺ ደግሞ ትምህርትሽን? ለእነሱ? የሰው ፊት ሲበራ ለማየት የማትሸጪው ምን አለሽ?»

ጀሪካኑ ባዶ ሲሆን ከእጇ ተቀበልኩ። 

ኦገስት ማለቂያ ድረስ እሑድ እሑድ ሄደን የመጨረሻው ረድፍ ተቀመጥን፤ ማንም ሳያዘን። ቀጣዩ የጽዋ እሑድ ሲደርስ ግን ማለዳ የፍርግርጉ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። እናቴ ሱቁን ከፍታለች። በእሑድ ቀን ሱቃችን ሲከፈት ያ የመጀመሪያው ነበር። ጎረቤታችን ለባብሳ ወደ ራሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ቆማ በዙሉኛ ሰላም አለቻት።

«ሳውቦና ማማ! ዛሬ ጸሎት የለም እንዴ?»

«የምትፈልጊው ዳቦ ነው ወይስ ጸሎት?»

«ዳቦ።»

«ዳቦ አለ» አለች እናቴ፣ አውጥታም ሰጠቻት። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ያን ትምህርት እንደገና የምትመዘገቢው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ለሚመጣው ዓመት ነው፣ በጃንዋሪ።»

«ተመዝገቢ። ለቅምሻ ግን ሌላ ሰው ፈልጊ።»

ከዚያ ወዲህ ጀርሚስተን አልሄድንም፤ ማንምም መጥቶ ለምን ቀራችሁ አላለንም። ነገሩ ያበቃው በዚያ ማለዳ ነው፤ እሑድ፣ ሴፕቴምበር 7 ቀን 2025።